ወጠጤውን አሁን ልሽጠው ወይስ ሙክት ላርገው? ለሰሜን ሸዋ ፍየል አርቢዎች

ባለፈው ወንድሜ ከቀወት ደወለልኝና "ነጋዴው ደጅ ላይ ቆሟል፣ ሶስቱን ወጠጤ ባንድ ላይ ልውሰዳቸው እያለ ነው፣ ልስጠው ወይስ ይቅር?" አለኝ። ወዲያው የምሰጠው መልስ አልነበረኝም። ይሄ ጥያቄ ነጋዴው ቆሞ እየጠበቀ ሚመለስ አይደለም፣ ግልገሎቹ ጡት ሲጥሉ ነው መመለስ የነበረበት፣ ማለትም እነዚህን ወንዶች ለማን ነው ምናሳድጋቸው ሚለው ያኔ ቢወሰን ኖሮ ዛሬ ነጋዴው ሲመጣ ወንድሜ አዎ ወይ አይ ብሎ ይጨርስ ነበር። እኔ የተወሰኑ አመታት ይፋት ቆላ ቀበሌዎች ውስጥ የልማት ጣቢያ ሰራተኛ ሆኜ ሰርቻለሁ፣ አሁን ደብረ ብርሃን ነው ምኖረው፣ እናቴና ወንድሜ ግን እስካሁን ፍየል ያረባሉ፣ እና ይሄን ምጽፈው ከሁለቱም ወገን ያየሁትን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ከአምስት እስከ አስራ አምስት ፍየል ላለው ቤት ነው ምጽፈው፣ መቶ ፍየል ላለው ሰው ሂሳቡ ሌላ ነው።

በ2013 ዓ.ም. በወጣው የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ የናሙና ጥናት መሰረት ሀገራችን ውስጥ ከ52 ሚሊዮን በላይ ፍየል ነበር። ይሄ ሁሉ ፍየል ግን ባብዛኛው ያለው እንደ እናቴ አይነት ሰው ቤት ነው፣ እና እዛ ቤት ውስጥ ፍየል ሚሸጠው ፍየሉ ሲደርስ ሳይሆን ብር ሲያስፈልግ ነው። የማዳበሪያ ብር ሲጠየቅ፣ ልጅ ሲታመም፣ መስከረም ላይ ደብተርና ዩኒፎርም ሲመጣ፣ በቃ ያኔ ካሉት ውስጥ ማን ቶሎ ይሸጣል ይባልና ጥሩው ወጠጤ ይወጣል። እንደዛ ሲሆን ገበያውን የመረጠው ችግሩ ነው፣ አርቢው አልመረጠም።

ገዢው ማነው? መጀመሪያ እሱን

ስለ መኖ ወይ ስለ ዝርያ ከማውራት በፊት እዚህ ጋ ቆም ማለት አለብን፣ ምክንያቱም የተለያየ ገዢ ሚፈልገው ፍየል የተለያየ ነው፣ አንዱ ጋ ጥሩ ዋጋ ሚያመጣው ነገር ሌላው ጋ ዋጋ ሚጥል ሊሆን ይችላል።

ሞጆና ቢሾፍቱ ያሉት የኤክስፖርት ቄራዎች ስጋውን አቀዝቅዘው በአውሮፕላን ወደ ኤምሬትስና ሳውዲ ነው ሚልኩት። እነሱ ሚፈልጉት ወጣት፣ ያልተኮላሸ ወንድ ነው፣ በቁሙ ከ15 እስከ 30 ኪሎ ገደማ ሚመዝን፣ ስብ ያልበዛበት። ሌላው ብዙ ሰው ማያውቀው ነገር ደሞ ከቆላ የመጣ እንስሳ ነው ሚመርጡት፣ የደጋው በግና ፍየል ስጋ ከታረደ በኋላ ቶሎ እየጠቆረ ስለሚያስቸግራቸው። ስለዚ ሁለት አመት ሙሉ አብልታችሁ ያሳደጋችሁትን ግዙፍ ሙክት ለኤክስፖርት ሰብሳቢ ብታቀርቡለት ለድካማችሁ ሚከፍላችሁ የለም፣ እሱ ሚፈልገው እሱን አይደለም።

የበአል ገዢ ደሞ ተቃራኒው ነው። ደብረ ብርሃንም ሆነ አዲስ አበባ ፍየል ተራ ላይ ሚቆመው ሰው መጀመሪያ ቁመናውን ያያል፣ ቀንዱን፣ ቀለሙን፣ ከዛ ወገቡን ጨብጦ ስጋ መያዙን ይፈትሻል፣ ሙክት ከሆነ የወጠጤ ሽታ ስለሌለውና ስጋው ስለሚወፍር ደህና ብር ይጨምራል። ጥቁር ፍየል ብዙ ሰው ለበአል አይወድም፣ እኔ ባየሁት ቀይ፣ ዳማና ነጭ ቶሎ ነው ሚሄደው፣ ጥቁሩ እኩል እየመዘነ ቆሞ ያመሻል። ለአረፋ ሚገዙ ሙስሊም ወገኖቻችን ደሞ ሌላ መስፈርት አላቸው፣ ፍየሉ አመት የሞላው መሆን አለበት፣ አይኑ የጠፋ፣ ሚያነክስ፣ የታመመ፣ ወይ በጣም የከሳ አይሆንም። ስለዚ አንድ የተጎዳ እግር ለአረፋ ገበያ ፍየሉን ሙሉ በሙሉ ሊያስወጣው ይችላል፣ ለሆቴል ግን ምንም ማለት አይደለም።

ሆቴልና ስጋ ቤቱ አመቱን ሙሉ ይገዛል፣ ሁሌ ግን ዋጋውን ይጫናል፣ መጠኑም ትንሽ ነው። አራተኛው ገዢ አርቢው ራሱ ነው፣ ሴት ግልገል ሚፈልግ ጎረቤት፣ ይሄኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል እንጂ መንታ በመውለድ ምትታወቅ ፍየል ልጅ ከሆነች ከገበያ ዋጋ በላይ ነው ምትሄደው።

ወጠጤ ወይስ ሙክት

እንግዲህ የወንድሜ ጥያቄ እዚህ ጋ ነው ያለው። ወንድ ግልገል ስድስት ሰባት ወር ሲሆነው መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። እንዳለ ትተዉትና አመት ሳይሞላው ወይ ልክ እንደሞላው ለሰብሳቢ ትሸጡታላችሁ፣ ወይ አኮላሽታችሁ ሁለት ሶስት አመት ታቆዩትና ለበአል ታወጡታላችሁ። ሁለቱንም የሞከሩ ሰዎች ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ያሉበት ቦታ ስለሚለያይ ነው።

ሙክት ሚያዋጣው ቦታ፣ ቤቱ አካባቢ ቁጥቋጦ ያለው ሰው፣ ከማሾና ከአተር ገለባ ሚተርፈው ሰው፣ እና ከሁሉ በላይ ድንገት ብር ቢያስፈልገው ሌላ ምንጭ ያለው ሰው ጋ ነው። ሙክት ቁጠባ ነው፣ በመሃል ካወጣችሁት ሁለቱንም ዋጋ ታጣላችሁ፣ ለኤክስፖርት ተኮላሽቷል፣ ለበአል ደሞ ገና አልደረሰም። በዛ ላይ ሁለት አመት ማለት ሁለት ክረምት ማለት ነው፣ የሳንባ በሽታ፣ ፒፒአር ሚባለው የፍየልና የበግ ወረርሽኝ፣ ጅብ፣ ሌባ፣ ድርቅ፣ ይሄ ሁሉ በሚጠብቅበት ጊዜ ላይ ነው ሚያልፈው። እናቴ ባንድ አመት ለገና ያዘጋጀችው ሙክት ህዳር ላይ ሞቶባት አይኗ እያየ ነው ሁለት አመት የሄደው፣ ከዛ በኋላ ካሏት ወንዶች ከሁለት በላይ ሙክት አታረግም፣ ሌላውን በልጅነቱ ታስወጣዋለች። እኔም ምመክረው ይሄንኑ ነው፣ አምስት ወንድ ካላችሁ አንዱን ምርጡን ለዘር፣ አንድ ወይ ሁለት ሙክት፣ የቀረውን ወጠጤ ሆኖ ለሰብሳቢ።

ስለ ማኮላሸት አንድ ነገር ልበል። በድንጋይና በእንጨት መቀጥቀጥ አሁንም አለ፣ እባካችሁ ተዉት፣ እንስሳው ይሰቃያል፣ ይቆስላል፣ ለሳምንታት መብላት ያቆምና ይከሳል። የቀበሌ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ቡርዲዞ ሚባል የማኮላሻ መቆንጠጫ አለ፣ ቆዳው ሳይቆረጥ ነው ሚሰራው፣ በጋ ላይ ዝንብ ባልበዛበት ጊዜ አሰሩት።

ለዘር ሚቀረውን ግን ከሁሉም በፊት ምረጡ። ብዙ ቤት ሚሆነው ተቃራኒው ነው፣ ቶሎ ያደገው ወጠጤ ቶሎ ብር ስለሚያመጣ መጀመሪያ ይሸጣል፣ ቀጫጫው ገዢ አጥቶ ይቀራል፣ ከዛ እሱ የሰፈሩን ፍየል ሁሉ ያስረግዛል። እንዲህ እየሆነ አስር አመት ሲያልፍ ፍየሉ ለምን አነሰ እንላለን። መንዝ ላይ፣ ሞላሌና መሃል ሜዳ አካባቢ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በበግ የተሞከረው አሰራር ይሄን ነው ያስተካከለው፣ አርቢዎቹ ተሰባስበው የልደት ክብደትና እድገት እየተመዘገበ ጥሩዎቹን አውራዎች መርጠው በጋራ ይጠቀማሉ፣ ምርጡ አውራ ቶሎ ከመንደር እንዳይወጣ ያስቀሩታል። ለፍየልም ያው ነው፣ አምስት ስድስት ቤት ተስማምቶ አንድ ጥሩ አውራ ይዞ መቆየት፣ በየሁለት አመቱ ገደማ ደሞ ልጆቹን እንዳያስረግዝ ከሌላ ሰፈር ጋር መለዋወጥ።

የት ልሽጥ?

ደጅ ላይ ለመጣ ነጋዴ መሸጥን ብዙ ሰው ይሳደባል፣ እኔ ሁሌ አልሳደብም። መኪና የለም፣ ኮቴ (የገበያ ቀረጥ) የለም፣ ቀን አይባክንም፣ ፍየሉ አይከሳም፣ ብሩ እጃችሁ ላይ ነው። ችግሩ ዋጋውን እሱ ብቻ ማወቁ ነው። ከሱ ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት የዛን ሳምንት የሰንበቴን ገበያ ወይ የደብረ ብርሃንን ዋጋ ካወቃችሁ የደጅ ሽያጭ መጥፎ ምርጫ አይደለም፣ ካላወቃችሁ ግን ነው። ስልክ ያለው ዘመድ ከተማ ላይ ካለ እሁድ ማታ ሁለት ደቂቃ ማውራት ነው ሚጠይቀው።

እስቲ በቁጥር እናስላው፣ ቁጥሩ ለማሳያ ብቻ ነው፣ በራሳችሁ ገበያ ዋጋ ቀይራችሁ አስሉት። አንድ ወጠጤ ደጃችሁ ላይ 8,000 ብር ተባለ፣ ደብረ ብርሃን ደሞ 9,500 ነው እንበል። ሶስት ፍየል ብትወስዱ ልዩነቱ 4,500 ብር ነው፣ ሲያዩት ያጓጓል። መኪና በፍየል 400 ቢሆን 1,200፣ ኮቴና ደላላ በፍየል 200 ቢሆን 600፣ የናንተ ትራንስፖርት፣ ምሳና አልጋ 1,200፣ እስካሁን 3,000 ወጣ። ፍየሉ መንገድ ላይ ውሃና መኖ ሳያገኝ ስለሚቆም ኪሎ ይጥላል፣ በዚህ ምክንያት ዋጋው 5 ፐርሰንት እንኳን ቢቀንስ ለሶስቱ 1,425 ብር ነው። ቀሪ 75 ብር። ሁለት ቀን ሰርታችሁ፣ ከቤት ወጥታችሁ፣ 75 ብር።

አሁን ደሞ አምስት ቤት ተሰብስቦ 15 ፍየል ቢያወጣ ልዩነቱ 22,500 ይሆናል፣ መኪናው ስለሚሞላ በፍየል ወደ 300 ቢወርድ 4,500፣ ኮቴና ደላላ 3,000፣ ሁለት ሰው ብቻ ስለሚሄድ 2,400፣ የኪሎው ኪሳራ 7,125፣ ሚተርፈው 5,475፣ በፍየል 365 ብር። ትንሽ ነው ትሉኝ ይሆናል፣ ነው። ግን ያው 15 ፍየል በበአል ሰሞን ሲሆንና ልዩነቱ በፍየል 3,000 ሲደርስ በተመሳሳይ ስሌት በፍየል 1,790 ብር ገደማ ይተርፋል። ስለዚ እኔ ሚገባኝ ይሄ ነው፣ ብቻችሁን ጥቂት ፍየል ይዛችሁ ሩቅ ከተማ መሄድ በተራ ሳምንት አያዋጣም፣ ብዙ ሆናችሁ በበአል ሰሞን ያዋጣል፣ በመሃል ላለው ጊዜ ቅርብ ገበያ ይሻላል።

ቅርብ ገበያ ስል ለይፋት ሰው ሰንበቴ ነው በሃሳቤ ያለው። ዞኑ የኛ ባይሆንም፣ ኦሮሞ ብሄረሰብ ዞን ውስጥ ነው፣ እሁድ እሁድ አፋሩም አርጎባውም ኦሮሞውም አማራውም ሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ነው፣ ከአዲስ አበባና ከሌላም ከተማ ነጋዴ ስለሚመጣበት ገዢ አይጠፋም። ጉዳቱ የአፋር ፍየል በብዛት በሚገባበት ሳምንት፣ በተለይ ድርቅ ሲሆን፣ ዋጋው መውደቁ ነው። እናንተ ደሞ ጥሩ ጎናችሁ ካልተሸጠ ነድታችሁ መመለስ መቻላችሁ ነው፣ ከሩቅ ከተማ መመለስ ግን አይቻልም፣ እዛ ገዢው መሸት ሲል ይጠብቃችኋል።

ይሄን በራሴ ነው የተማርኩት። አንድ አመት ለፋሲካ ከወንድሜ ጋር ዘጠኝ ፍየል በማታ ጭነን ወጣን፣ ከሸዋ ሮቢት ቆላ ሙቀት ተነስተን ጣርማ በር ላይ ስንደርስ ዝናብና ብርድ፣ ሸራ አላለበስናቸውም፣ ጠዋት ደብረ ብርሃን ስንወርድ ሁለቱ ያስላሉ አፍንጫቸው ይፈሳል። ገዢው ሳል እንደሰማ ይሄዳል፣ ልክ ነው። በዛ ላይ የደረስነው ቅዳሜ ዋዜማው ላይ ነበር፣ ሁሉም ያንን ቀን ነው የመረጠው፣ ተራው ሞልቷል፣ ከሰአት በኋላ ዋጋው ከጠዋቱ እየወረደ ሄደ። አሁን ለበአል ስንወስድ ከበአሉ ከሰባት እስከ አስር ቀን ቀደም ብለን ነው፣ በቀን ነው ምንጭነው፣ ወርደው ውሃ ይጠጣሉ፣ አንድ ለሊት ዘመድ ግቢ ያርፋሉ፣ ከዛ ነው ተራ ሚወጡት። ያረፈና የጠጣ ፍየል ጸጉሩ ራሱ ሌላ ነው።

ስለ ሞጆ ደሞ፣ ምንጃር ሸንኮራና በረኸት ላላችሁ ሰዎች የኤክስፖርቱ መንገድ ከኛ ይልቅ ለናንተ ይቀርባል፣ ከአረርቲ ሞጆ ሩቅ አይደለም፣ አየሩም ሞቅ ያለ ነው፣ ፍየሉም ሚፈለገው አይነት ነው። ቄራው ከአንድ ገበሬ ሶስት ፍየል አይገዛም ግን፣ ሚሰራው ከሰብሳቢና ከአቅራቢ ጋር ነው። ስለዚ ለናንተ ምርጫው ለየትኛው ሰብሳቢ፣ በኪሎ ወይስ በአይን ግምት ሚለው ነው። በኪሎ ሚገዛ ካገኛችሁ ለሱ ስጡት፣ ዋጋው ትንሽ ዝቅ ቢል እንኳን፣ ምክንያቱም በሚቀጥለው አመት መኖ ስትጨምሩ ጭማሪው በሚዛን ይታያል፣ በአይን ግምት ግን ድካማችሁን ነጋዴው ነው ሚበላው። መርሃቤቴ፣ ሚዳና እንሳሮ ያላችሁት የጀማ ሸለቆ ሰዎች ደሞ መንገዳችሁ በሙከጡሪ በኩል ወደ አዲስ አበባ ነው፣ ለናንተ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ጥምጥም ነው።

መንገድ ሲዘጋ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል፣ ባለፉት አመታት ያየነው ነው፣ እዚህ ፍየሉ ይረክሳል እዛ ስጋው ይወደዳል። ለዛ ጊዜ ምክር ብዬ ምሰጠው ነገር ቢኖር አንድ ነው፣ ሁሉንም ፍየላችሁን ለአንድ በአል ብቻ አታድርሱ።

መቼ?

ርካሽ የሚሆነው ሰኔና ሀምሌ ነው፣ ሁሉም ሰው ለማዳበሪያና ለእህል ስለሚሸጥ። ሁዳዴም 55 ቀን ሙሉ ክርስቲያኑ አይበላም፣ ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ለሚያደልብ ሰው ግን መግዣው ጊዜ ያ ነው። ውድ የሚሆነው እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ፋሲካ፣ ኢድና አረፋ ነው። ይሄን ማንም ያውቀዋል። ብዙ ሰው ማያስበው ግን የሙስሊም በአላት በየአመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያሉ መምጣታቸውን ነው። አረፋ በ2017 ግንቦት 29 ነበር፣ በ2018 ግንቦት 19 አካባቢ፣ በ2019 ደሞ ግንቦት 8 አካባቢ ይሆናል፣ በጨረቃ ስለሚወሰን በአንድ ቀን ሊዛነፍ ይችላል። የ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው። ማለትም ፋሲካና አረፋ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው ሚራራቁት፣ ፋሲካ ላይ ያልተሸጠው ፍየል ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሁለተኛ እድል አለው፣ ስለዚ ለዛ አመት ፍየል ሚያደርስ ሰው አመት የሞላውና ምንም ጉድለት የሌለውን ፍየል ቢመርጥ ለሁለቱም ገበያ ይሆንለታል። ፍየል አምስት ወር ነው ምታረግዘው፣ ወደኋላ ቆጥራችሁ አውራውን መቼ እንደምትለቁት መወሰን ትችላላችሁ።

እና ሰኔ ላይ ላለመሸጥ ምን ይደረግ? ሰፈራችን ያሉ ሴቶች እቁባቸውን ሰኔ ላይ ለሚቸገረው ሰው እጣው እንዲወጣ በስምምነት ያዞሩታል፣ ለእናቴ ከየትኛውም ስልጠና በላይ የጠቀማት ይሄ ነው። የፀደይ ባንክ ብድርም አለ፣ የድሮው አብቁተ ማለቴ ነው፣ ግን መክፈያ ቀኑ ከበአል በኋላ እንዲሆን አርጋችሁ ተዋዋሉ፣ ሰኔ ላይ ሚከፈል ብድር ያው ሰኔ ላይ ፍየል ያስሸጣል።

መኖ፣ ማድለብ ለሚያስብ ሰው

የ90 ቀን ማድለብ ሚባለው አሁን ወጣቶች በማህበር ተደራጅተው ብዙ ሚሰሩት ነው። የኛ ፍየል ጥሩ ከበላ በቀን ከ40 እስከ 70 ግራም ቢጨምር ነው፣ በ90 ቀን ከ4 እስከ 6 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። በቀን 300 ግራም ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ የወጣለት ተረፈ ምርት) ድብልቅ ብትሰጡት በ90 ቀን 27 ኪሎ መኖ በላ። አሁን ያለውን የፋጉሎ ዋጋ በ27 አባዙትና ፍየሉ በቁሙ ከጨመረው 5 ኪሎ ጋር አወዳድሩት፣ ብዙ ጊዜ ትርፉ እምብዛም ነው። ማድለብ ሚያተርፈው ኪሎ በመጨመሩ ብቻ አይደለም፣ ሁዳዴ ላይ ርካሽ ገዝቶ በበአል ውድ ከመሸጥ ነው፣ መኖው ያንን ጊዜ ለማሻገር ነው። ስለዚ የመግዣው ቀን ካለፋችሁ በዛ ዙር አትግቡ።

መኖውን ደሞ ከገበያ ብቻ አትጠብቁ። ቆላ ላይ የማሾ ገለባ፣ የግራር ፍሬ፣ የቁርቁራ ቅጠል አለ፣ ሉኪኒያ ሚባለው የመኖ ዛፍና የርግብ አተር በአጥር ዳር ይበቅላል። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ላላችሁ የቢራ ፋብሪካዎቹ ብቅል ተረፈ ምርት አለ፣ እርጥብ ስለሆነ ቶሎ ይሻግታል፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ሚያልቅ ያህል ብቻ ውሰዱ፣ እና ቀስ በቀስ አስለምዷቸው፣ በአንድ ጊዜ በብዛት ከበሉ ሆዳቸው ይነፋል። ጨው አትርሱ።

ቦር ወይስ ሀበሻ

ቦር ሚባለው የደቡብ አፍሪካ ፍየል ወደኛ ሀገር የገባው በ1999 ዓ.ም. አካባቢ ነው፣ አጣዬም ላይ ከሀገር ውስጥ ፍየል ጋር እየተዳቀለ ሲጠና ነበር። ትልቅ ነው፣ ንጹህ ቦር ወንድ መቶ ኪሎ ሊደርስ ይችላል፣ የኛ ወንድ ሰላሳ አርባ ኪሎ በሚሆንበት። ፎቶውን ያየ ሰው ሁሉ ይፈልገዋል። እኔ ምለው ግን የመኖና የህክምና አቅም ካላችሁ ድቅሉ ያዋጣችኋል፣ ቁጥቋጦ ለቅሞ ሚያድር ፍየል ከሆነ ግን ምትፈልጉት ሀበሻው ይሻላችኋል፣ ድርቁን ይችላል፣ ገደሉን ይወጣል፣ በትንሽ መኖ ይወልዳል። ድቅሉ የበላው ሲቀንስ ከሀበሻው በታች ይከሳል፣ ግልገሎቹም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ለአስር ፍየል ባለቤት በድቅል ላይ ሚወጣው ብር መጀመሪያ በክትባትና በግልገል ጤና ላይ ቢወጣ ይሻላል ባይ ነኝ፣ አምስት ግልገል ተወልዶ ሁለት ከሞተ ምንም አይነት ዝርያ አያካክሰውም። የፒፒአር ክትባት እዚሁ ሀገር ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል፣ አንዴ የተከተበ ፍየል ቢያንስ ለሶስት አመት ይጠበቃል፣ የሳንባውም ክትባት አለ። ግልገሉ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰአታት እንገሩን ይጥባ፣ ለሊት ደሞ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይደር። ውሻችሁን ደሞ የታረደ ፍየል ወይ በግ ጭንቅላት ጥሬውን አታብሉ፣ አዙሪት ሚባለው በሽታ የሚመጣው በዛ ነው።

ደጋ ላይ ላላችሁ፣ መንዝ፣ ጣርማ በር አናት፣ አንጎለላ፣ በአጭሩ የናንተ ከብት በግ ነው። የመንዝ በግ ያንን ብርድ ለብሶት ነው የተወለደው፣ ፍየል እዛ ላይ ታስላለች እንጂ አታድግም።

አብሮ መሸጥ ሲባል

ብዙ ቦታ ህብረት ስራ ማህበር ተመስርቶ አመት ሳይሞላው ፈርሷል፣ አንዱም እኔ ስሰራበት የነበረው ቀበሌ ላይ ነው። ምክንያቱ ባብዛኛው ገንዘቡ አንድ ሰው እጅ ላይ መቆየቱ ነበር። ትልቅ ማህበር ሳይሆን አምስት ስድስት ዘመድ ወይ ጎረቤት ሆናችሁ ጀምሩ፣ ፍየሎቹን ሳትጭኑ በፊት በሚዛን መዝናችሁ የእያንዳንዱን ኪሎ በወረቀት ጻፉ፣ ፎቶም አንሱ፣ ሻጩ ከሸጠ በኋላ እዛው ተራ ላይ ቆሞ ለእያንዳንዱ ቤት በቴሌብር ያስገባ፣ ይዞት አይምጣ። የተንጠልጣይ ሚዛን ዋጋ ለስድስት ቤት ሲካፈል ቀላል ነው። ከዚህ ካለፋችሁና በቋሚነት ከሌላ ሰው እየገዛችሁ ወደ መሸጥ ከገባችሁ ግን በቁም እንስሳት ግብይት አዋጅ ቁጥር 819/2006 መሰረት ፍቃድ ያስፈልጋል፣ ወረዳው ንግድ ጽህፈት ቤት ቀድማችሁ ጠይቁ።

ወንድሜ ያን ቀን ሶስቱንም አልሸጠም። ነጋዴውን "አንዱን ውሰድ፣ ሁለቱ ይቆያሉ" አለው፣ አንዱ ቀላሉ ጥቁር ወጠጤ ነበር፣ ለበአል ብዙም ማይፈለግ፣ ለሰብሳቢ ግን እንደሌላው እኩል ሚሄድ። ከሁለቱ አንዱ መንታ የወለደችው ፍየል ልጅ ስለሆነ ለዘር ቀረ፣ ጎረቤት ሶስት ቤት በሱ ሊጠቀም ተስማምቶ ለሚልሰው ጨው ብር ያዋጣሉ። ሌላኛው ዳማ ነው፣ ማክሰኞ ክሊኒክ ወስዶ በቡርዲዞ አስኮላሸው፣ ለ2019 ፋሲካ ነው ያሰበው፣ ካልሆነም ለአረፋው።